ኢኒዌታክን ያጸዱ ወታደሮች ካሳቸውን እንዲያገኙ እንዴት እንርዳቸው? ጀልባ ነጂውንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ መካኒኩንም

የባለቤቴ አባት በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ጀልባ ነጂ ነበሩ። በ1978 ወደ ማርሻል ደሴቶች ተልከው፣ ኢኒዌታክ በምትባለው የኮራል ደሴቶች ቀለበት ላይ በቦምብ ሙከራ የተበከለውን አፈር ከየደሴቱ ሩኒት ወደምትባለው ደሴት ሲያመላልሱ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፎርሞቹ ላይ የሚሞላው እሱ ስለሆነ።) ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የሽንት ፊኛ ካንሰር ሲገኝባቸው ወረቀቱን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር ነበር፦ «እኔ እኮ ጀልባ ነው የነዳሁት። አካፋ አልጨበጥኩም። ይሄ ካሳ የቆፋሪዎቹ ነው።»

በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በዳላስ ስንት ሐበሻ ነው በየቤቱ እየሄደ የአሜሪካ አረጋውያንን የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ መድኃኒት የሚያስታውስ! ነርስ የሆናችሁ አላችሁ፤ እንደ እኔ በጋብቻ ቤተሰብ የሆናችሁም አላችሁ። ከምትንከባከቧቸው ሽማግሌዎች መካከል በሃያ ዓመቱ ኢኒዌታክ የሰነበተ ሊኖር ይችላል፤ ሕግ እንደወጣለትም ላይሰማ ይችላል። ሰውየው ካልተናገረ፣ እናንተም ካልጠየቃችሁ፣ መብቱ ሳይነሳ ይቀራል።

መጀመሪያ ቦታውን እወቁት

ስለ ቦታው ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሰውየው ሲያወራ የቱ ነገር ዋጋ እንዳለው አይገባችሁም። አሜሪካ ከ1948 እስከ 1958 ባለው ጊዜ ኢኒዌታክ ላይ 43 የኒውክሌር ሙከራዎች አድርጋለች። ነዋሪዎቹን አስቀድማ፣ በ1947 መጨረሻ፣ ኡጄላንግ ወደምትባል ሌላ ደሴት አዛውራቸዋለች። በ1952 የፈነዳው «ማይክ» የተባለው የሃይድሮጂን ቦምብ ኤሉጌላብ የምትባለውን ደሴት ጨርሶ አጥፍቷታል፤ በቦታዋ የቀረው ባሕር የሞላው ጉድጓድ ነው። ሩኒት ላይ ደግሞ በ1958 ሁለት ነገር ሆነ። ግንቦት ወር ላይ «ካክተስ» የተባለው 18 ኪሎቶን ቦምብ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ነሐሴ ላይ «ኩዊንስ» የተባለው ሙከራ ከሸፈና፣ በወጉ ሳይፈነዳ ውስጡ የነበረውን ፕሉቶኒየም የተባለ ጨረር የሚለቅ ብረት መሬቱ ላይ በተነው።

ጽዳቱ የተካሄደው ነዋሪዎቹ ይመለሱ ከተባለ በኋላ፣ ከ1977 እስከ 1980 ነው። ወደ 4,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ተፈራርቀውበታል። የምድር ጦር መሐንዲሶች አፈሩን ገፈፉ፣ የተበላሸውን ብረትና ኮንክሪት ሰበሰቡ። ባሕር ኃይል ጀልባዎቹን ነዳ። አየር ኃይል ጨረር ለካ፣ ሰውና ዕቃ አመላለሰ። አፈሩ ሩኒት ደርሶ ከሲሚንቶ ጋር እየተቦካ በካክተስ ጉድጓድ ውስጥ ፈሰሰ፤ በላዩም 46 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ጉልላት ተደፋበት። የጉድጓዱ ሥር ምንም አልተነጠፈበትም፤ ኮራል ነው፣ የባሕር ውኃ ይገባበታል። ሩኒት ዛሬም ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪጠፋ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የሚለቀው ጨረር በአመዛኙ ቆዳን አልፎ አይገባም፤ በአቧራ መልክ ሲተነፍሱት ወይም ከምግብ ጋር ሲውጡት ግን ሳንባ፣ ጉበትና አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ «ማን ቆፈረ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያስኬድም። አቧራው አካፋ ለያዘው ብቻ ተብሎ አይነሳም። የጭነት መኪናውን ፍሬን የሚፈታው መካኒክ፣ ልብስ የሚያጥበው፣ የጀልባውን ወለል በውኃ የሚገፋው፣ ከሥራ ለመጡት ልጆች ምግብ የሚያቀርበው ሁሉ ከአቧራው ጋር ነው የኖረው።

ሕጉ ምን ይላል?

ለረጅም ጊዜ ሕጉ እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም ነበር። በ1988 የወጣው ሕግ ቦምቡ ሲፈነዳ እዚያ ለነበሩ ወታደሮች የቆመ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ መጥተው ያጸዱት ግን «እናንተ ሙከራ ላይ አልነበራችሁም» ተብለው ቀሩ። የሃዋይ የምክር ቤት አባል የነበሩት ማርክ ታካይ ይህን ለማስተካከል በ2015 ረቂቅ አቀረቡ። በዓመቱ፣ በ2016፣ ራሳቸው በጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰር ሞቱ፤ ሐሳባቸው ግን ኦገስት 10 ቀን 2022 በተፈረመው «ፓክት አክት» ውስጥ ገብቶ ሕግ ሆነ።

ሕጉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰውየው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1977 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1980 ባለው ጊዜ በኢኒዌታክ ጽዳት ተሳትፏል? ሁለተኛ፣ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ አለበት? ሁለቱ ከተሟሉ በሽታው ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይወሰድለታል። «ተሳትፏል» ነው የሚለው፤ «ቆፍሯል» አይልም። ለአማቴም ያነበብኩላቸው ይህንኑ መስመር ነው። ጀልባው ባይኖር አፈሩ ከደሴት ደሴት በምን ይሄድ ነበር?

በዚሁ ሕግ ሁለት ሌሎች ቦታዎችም ገብተዋል። አንዱ ስፔን ውስጥ ያለችው ፓሎማሬስ ናት። በ1966 ቢ-52 የተባለ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከነዳጅ ቀጂው ጋር ተጋጭቶ አራት የሃይድሮጂን ቦምቦች ጥሎባታል። ሁለተኛው ግሪንላንድ ውስጥ ያለው ቱሌ ነው፤ እዚያም በ1968 ቢ-52 በበረዶ ላይ ተከስክሷል። ለፓሎማሬስ ከጃንዋሪ 17 ቀን 1966 እስከ ማርች 31 ቀን 1967፣ ለቱሌ ከጃንዋሪ 21 እስከ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1968 ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ከዚህ በታች የምጽፈው አካሄድ ለነሱም ያገለግላል።

ወሬውን ማስጀመር

ወረቀት ከመያዛችሁ በፊት ሰውየውን አናግሩት። «ጨረር ነክቶህ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ «አላውቅም» ነው፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። የዚያ ዘመን ወታደር የሚያውቀው የዋለበትንና ያደረበትን ነው። የት ትተኛ ነበር፣ ኢኒዌታክ ደሴት ላይ ባለው ዋናው ካምፕ ወይስ ሎጅዋ ላይ ባለው? ጠዋት ምን ለብሰህ ትወጣለህ? መኪናው ጀልባው ላይ ሲወጣ አፈሩ ተሸፍኖ ነበር? ወለሉን ማን ያጥባል፣ በምን ያጥባል? ምሳ የት ትበላለህ? ሩኒት ላይ ስትወርድ ጫማ ታወልቃለህ? ስትመለስ የሚለካህ ሰው ነበር? የክፍልህ አዛዥ ማን ይባል ነበር?

አማቴ በመጀመሪያ ያወሩኝ ስለ ዓሣ ማጥመድ ነበር። ቆይተው አንድ የጫማ ሣጥን አወጡ። ከውስጡ ካገኘናቸው ፎቶዎች አንዱ ከብዙ ቃል የሚበልጥ ሆነ። «ማይክ ቦት» የሚሉት ፊቱ እንደ በር ተከፍቶ አሸዋ ላይ የሚዘረጋ ጀልባ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ውስጡ ገልባጭ መኪና አለ፤ ሸራው ግማሹ ተገልጦ ግራጫ አፈር ይታያል። ከመኪናው ጎማ አጠገብ አማቴ ቁምጣና ከስክስ ጫማ አድርገው፣ ያለ ሸሚዝ ቆመዋል። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለችው ጨረር መለኪያ ባጅ ላብ ደረታቸው ላይ አጣብቋታል። ከጀርባው በእስክሪብቶ የደሴቷ ስም፣ ወሩና ዓመቱ ተጽፎበታል። ቦታ፣ ጊዜ፣ ሥራ፣ አለባበስ በአንድ ወረቀት! እንዲህ ያለ ፎቶ ካገኛችሁ ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ዋናውን ለማንም አትስጡ።

የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት፤ አታሳምሩት። እናንተ ያልነበራችሁበትን ነገር «እንዲህ ሆኖ ይሆናል» ብላችሁ አትጨምሩበት። የማያስታውሱት ቀን ካለ ወሩን ወይም ወቅቱን ብቻ ጻፉ። ሽማግሌ ሰው ሲደክመው ይቆጣል፤ ያን ቀን ተዉት፣ በሌላ ቀን ቡና አፍልታችሁ ቀጥሉ።

እዚያ መሆናቸውን የሚያሳየው ወረቀት

ዋናው ወረቀት ከጦሩ ሲሰናበቱ የሚሰጠው ዲዲ-214 ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ ኢኒዌታክ የሄዱት ከሌላ ክፍል በጊዜያዊ ምደባ ለጥቂት ወራት ስለነበር፣ ዲዲ-214ቱ ላይ የኢኒዌታክ ስም ላይኖር ይችላል። «ስሙ የለም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሙሉውን የአገልግሎት ማኅደር ጠይቁ፤ የጉዞ ትእዛዙ፣ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርቱ፣ የሕክምና ካርዱ፣ የጨረር መለኪያ መዝገቡ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። የሚጠየቀው ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማእከል ነው፤ በፎርም ኤስኤፍ-180 ወይም በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ። ክፍያ የለውም።

ፎርሙ ላይ ማን እንደሚፈርም ተጠንቀቁ። ሰውየው በሕይወት ካሉ ራሳቸው ናቸው የሚፈርሙት። ካረፉ የቅርብ ቤተሰብ ነው፤ እሱም ሌላ ያላገባች ሚስት (ወይም ባል)፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ እህትና ወንድም ማለት ነው። ምራት እዚህ ውስጥ የለችም። ስለዚህ እንደ እኔ ምራት የሆናችሁ፣ ሥራውን ሁሉ እናንተ ብትሠሩም ፊርማው የባላችሁ መሆን አለበት።

ስትጠይቁ የቦታውን ስም በሁለቱም አጻጻፍ ጻፉ፤ በድሮ ወረቀቶች ላይ «ኢኒዌቶክ» ተብሎም ተመዝግቧል። «መዝገቡ ተቃጥሏል» የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሴንት ሉዊስ የተቃጠለው በጁላይ 1973 ነው። የተጎዳው እስከ 1960 የተሰናበቱት የምድር ጦር አባላትና እስከ 1964 የተሰናበቱት የአየር ኃይል አባላት መዝገብ ነው። የኢኒዌታክ ጽዳት የተጀመረው ከእሳቱ በኋላ ነው።

ጽዳቱን በበላይነት የመራው በመከላከያ ሚኒስቴሩ ሥር የነበረው የመከላከያ ኒውክሌር ኤጀንሲ ነበር። ዛሬ ሥራውን የወረሰው መሥሪያ ቤት በአጭሩ ዲትራ ይባላል። ለእነሱም የሰውየውን ስም፣ የአገልግሎት ቁጥርና የነበሩበትን ጊዜ ጽፋችሁ ተሳትፏቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጠይቁ። ከዚህ ሌላ የጓድ ምስክርነት አለ፤ ፎርም 21-10210 ይባላል። አብሯቸው ጀልባ ላይ የነበረ ሰው «አብረን ነበርን፣ ይህን እንሠራ ነበር» ብሎ ይፈርማል። ወደ ቤት የጻፉት ደብዳቤ ከነፖስታው ካለ እሱም ማስረጃ ነው፤ ማኅተሙ ቀን አለውና።

ዜሮ የሚል ደብዳቤ ቢመጣስ?

ብዙ ሰው እጁን የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው። ማኅደሩ ውስጥ የጨረር መጠን መዝገብ ይኖርና ቁጥሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሆናል። ሽማግሌው ያያል፣ «በቃ፣ ምንም አልነካኝም ማለት ነው» ይላል። እንዲህ በሏቸው፦ የፊልም ባጁ በዚያ ሙቀትና እርጥበት እየተበላሸ እንደነበር የታወቀ ነው። ደግሞም ባጅ የሚለካው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ የተነፈሱትን አቧራ አይቆጥርም። ከሁሉም በላይ፣ በሽታው በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሕጉ የጨረር መጠን ማስረጃ አይጠይቅም። ዜሮውም፣ መቶውም እኩል ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ከሚባለው ዓይነት በስተቀር የደም ካንሰር፤ ሆጅኪን ከሚባለው በስተቀር ሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር)፤ መልቲፕል ማይሎማ (የአጥንት መቅኔ ካንሰር)፤ የሳንባ፣ የታይሮይድ፣ የጡት፣ የጉሮሮ፣ የምግብ ቧንቧ፣ የጨጓራ፣ የትንሹ አንጀት፣ የትልቁ አንጀት፣ የጣፊያ (ፓንክሪያስ)፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦ፣ የምራቅ ዕጢ፣ የአጥንት፣ የአንጎል፣ የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር፤ ከኩላሊት እስከ ሽንት ፊኛና እስከ ሽንት መውጫው ቱቦ ያለው የሽንት መስመር ካንሰር፤ ከጉበት ራሱ የተነሳ የጉበት ካንሰር፣ ሲሮሲስ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ካልታየበት።

«ከጉበት ራሱ የተነሳ» የሚለውን አትለፉት። ካንሰር ከአንዱ ቦታ ተነስቶ ወደ ሌላው ይሰራጫል፤ የሚቆጠረው መነሻው ነው። ስለዚህ ከሐኪም ቤት «ካንሰር አለባቸው» የሚል ደብዳቤ ብቻ አትውሰዱ። የፓቶሎጂ ሪፖርቱን (ከካንሰሩ የተወሰደው ናሙና ተመርምሮ የተጻፈውን) ጠይቁ፤ መነሻው የት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበታል። የአማቴን ጉዳይ ያፋጠነው ይህ ሪፖርት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያየው ሰው ሌላ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

የፕሮስቴት ካንሰር ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የቆዳ ካንሰርም የለም። በዚህ ዕድሜ ላሉ ወንዶች ፕሮስቴት በጣም የተለመደ ስለሆነ ሳልናገር አላልፈውም። እነዚህ በሽታዎች በጨረር ሊመጡ እንደሚችሉ ይታመናል፤ ነገር ግን የሚሄዱት በሌላ መንገድ ነው። የሰውየው የጨረር መጠን ይገመታል፣ ከዚያ በሽታው ከዚያ የመጣ መሆን አለመሆኑ ይመረመራል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ውድቅ የሚሆነውም ይበዛል። ቁምጣ ለብሶ ያለ ጭምብል መሥራቱን፣ ወለል ማጠቡን፣ የነበረበትን ደሴት የሚናገረው ምስክርነት ትልቅ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። ማመልከታችሁን አትተዉ፤ ግን ልምድ ያለው ተወካይ ይዛችሁ ግቡ።

ማስገባት

በመጀመሪያው ቀን የሚሠራ ሥራ አንድ ነው፦ «ለማመልከት አስቤያለሁ» የሚለውን ማስታወቂያ ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ማስገባት። ፎርም 21-0966 ነው፤ በስልክም በድረ ገጽም ይቻላል። ያን ቀን ይይዝላችኋል። ከዚያ ማስረጃ ለመሰብሰብ አንድ ዓመት አላችሁ፤ በዓመቱ ውስጥ ካስገባችሁና ከተፈቀደ ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ሴንት ሉዊስን እየጠበቁ ወራት ማባከን ኪሳራ ነው።

ዋናው ማመልከቻ ፎርም 21-526ኢዜድ ነው። ለመርዛማ ነገር ስለመጋለጥ የሚጠይቀው ክፍል ላይ «በኢኒዌታክ አቶል ጽዳት ተሳትፌያለሁ» ብላችሁ ከወሩና ከዓመቱ ጋር በእንግሊዝኛ አስፍሩ። ሥራውንም ጻፉ፦ ጀልባ ነጂ፣ ወጥ ቤት፣ መካኒክ፣ ራዲዮ ኦፕሬተር፣ የሆነውን። አታሳንሱት፣ አታግንኑት።

ብቻችሁን አትሙሉት። ቪኤ እውቅና የሰጣቸው ተወካዮች አሉ፤ በቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ውስጥ፣ ለምሳሌ አሜሪካን ሊጅን፣ ቪኤፍደብሊው፣ ዲኤቪ፣ እንዲሁም በየስቴቱና በየካውንቲው የቬተራን ቢሮ ይገኛሉ። ሰውየው በፎርም 21-22 ይወክላቸዋል። ሥራቸው በነፃ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ አዘጋጅቼ ገንዘብ ልቀበል ማለት በሕግ አይፈቀድም። እኛ ሰፈር ለታክስም፣ ለኢሚግሬሽንም ከፍለን ፎርም ማስሞላት ስለለመድን ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል ብዬ እሰጋለሁ። «ከሚመጣልህ ካሳ ይህን ያህል በመቶ ትሰጠኛለህ» የሚል ካጋጠማችሁ ሽማግሌውን ከእጁ አውጡ።

በሥራ ላይ ሆናችሁ ለምትረዱ የቤት ተንከባካቢዎች ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ። በሰውየው ስም አትፈርሙ። የአካውንት ይለፍ ቃሉን አትያዙ። የባንክ ቁጥሩን እናንተ አታስገቡ። ነገሩን ንገሯቸው፣ የተወካዩን ስልክ ጻፉላቸው፣ ቀጠሮ አስይዙላቸው፣ ለልጆቻቸው አሳውቁ። በቅንነት የተሠራ ሥራ ኋላ ክስ እንዳያመጣባችሁ። ቤተሰብ የሆናችሁ ከሆነ ግን ሰውየው ፎርም 21-0845 ቢሞሉላችሁ ቪኤ በስልክ ስለ ጉዳዩ ያነጋግራችኋል። ያለዚያ ደውላችሁ ቀኑን ሙሉ ብትጠብቁ ምንም አይነግሯችሁም።

ከገባ በኋላ የምርመራ ቀጠሮ ሊላክ ይችላል። ሕክምና አይደለም፣ ለውሳኔ የሚደረግ ምርመራ ነው። መቅረት ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል፤ ስለዚህ ኬሞ ላይ ከሆኑ ወይም መንቀሳቀስ ካቃታቸው ቀኑ ሳይደርስ ደውላችሁ አስቀይሩ። ገና በሕክምና ላይ ያለ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ መቶ በመቶ የጉዳት መጠን ይሰጠዋል። ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይመረመራሉ፤ በዚያን ጊዜ ካንሰሩ ጠፍቶ የቀረው ጉዳት ተለክቶ መጠኑ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ተዘጋጁ። ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሱ፣ ምን ያህል እንደሚደክሙ፣ ምን መሥራት እንዳቃታቸው በደብተር ያዙ። ሽማግሌዎቹ ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ደብተሩ ግን እውነቱን ይናገራል። የካሳው ገንዘብ ታክስ የለበትም።

ቀድሞ ውድቅ የተደረገባቸው ካሉ፣ በተለይ ከ2022 በፊት፣ ያ ውሳኔ የተሰጠው በድሮው ሕግ ነው። ፎርም 20-0995 ይዘው እንደገና ይግቡ፤ የሕጉ መለወጥ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በአዲሱ ሕግ ውድቅ የሆነባቸው ደግሞ የውሳኔውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የጎደለው ተሳትፎ ማረጋገጫ ነው ወይስ የሕክምና ማስረጃ? የሚቀጥለው እርምጃ የሚወሰነው በዚያ ነው፤ ክፍያው የሚታሰብበትን የመጀመሪያ ቀን ላለማጣት በአንድ ዓመት ውስጥ መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

ገና ያልታመሙት

ኢኒዌታክ ነበርኩ፣ አሁን ግን ጤነኛ ነኝ የሚሉ ሰዎች ካሉ ካሳ አይጠይቁም፤ የቪኤ ሕክምና ላይ ግን ይመዝገቡ። ከማርች 5 ቀን 2024 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ለመርዛማ ነገር ወይም ለጨረር የተጋለጠ ማንኛውም ቬተራን በቀጥታ መመዝገብ ይችላል፤ ፎርሙ 10-10ኢዜድ ነው። ሲመዘገቡ ስለ መጋለጥ አጭር ጥያቄ ይጠየቃሉ። ያኔ «ኢኒዌታክ» የሚለውን ቃል ይናገሩ፣ ማኅደራቸው ላይም መስፈሩን ያረጋግጡ። ነገ አንድ ነገር ቢታይ ሐኪሙ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሰውየው ካረፉ

መበለቷን ፈልጓት። የምታውቀው «ባሕር ማዶ የሆነ ቦታ አጽድቶ ነበር» የሚለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ባሏ የሞተው ከዝርዝሩ በአንዱ ከሆነ፣ በወር በወር የሚከፈል የተራፊ ቤተሰብ ካሳ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ፎርሙ 21ፒ-534ኢዜድ ነው። ከ2022 በፊት ጠይቃ ተከልክላ ከነበረም እንደገና ትጠይቅ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ካንሰሩ በምክንያትነት መጻፉን እዩ። «የልብ መቆም» ብቻ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ሲያክማቸው የነበረው ሐኪም ካንሰሩ ለሞታቸው አስተዋጽኦ እንዳደረገ በደብዳቤ እንዲጽፍ ጠይቁት። ባሏ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው ካመለከተች ክፍያው ከሞተበት ወር መጀመሪያ አንስቶ ይታሰብላታል፤ ስለዚህ ለቅሶ ስትደርሱ ወይም አርባው ሲያልፍ በለሆሳስ አንሱላት፣ ተዝካሩ ድረስ አታቆዩት።